አባባ ወልደ ሰንበትን ማን ይቀድማል?

«ቡድን» የሚለውን ቃል ስሰማ ዛሬም ጥርሴ ይንገጫገጫል። የእግር ኳስ ቡድን ይሁን፣ የመዝሙር ቡድን ይሁን፣ ግድ የለኝም። ሰዎች ተሰብስበው «እኛ» ማለት ከጀመሩ ኮፍያዬን አንስቼ እወጣለሁ። ብቻዬን በነበርኩ ጊዜ መኪና ነበረችኝ። ቡድን ከሆንን በኋላ የቀረልኝ ስብሰባ ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ከአየር ጤና ኮልፌ የምትመላለስ አንዲት ሴይቼንቶ ታክሲ ነበረችኝ። ሴይቼንቶን የማያውቅ ወጣት አንባቢ ካለ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ከሩቅ ሲያዩዋት የተደፋ ድስት የምትመስል ትንሽ መኪና ናት። ዳገት ላይ ተሳፋሪ ይወርዳል፤ ዳገቱ ሲብስ ተሳፋሪ ይገፋል። ይስቁባታል፤ ይሳቁ። ሚስቴና ልጆቼ የሚበሉት ከዚያች ድስት ነበር።

ችግሬ ሞተሯ አልነበረም። ችግሬ ጎማ ነበር። አራቱም ጎማዎቼ መላጣነትን አልፈው ሸራቸው ወጥቷል። በዚያ ዘመን ደግሞ ጎማ ብር ስላለህ የምትገዛው ነገር አይደለም። መጀመሪያ ትመዘገባለህ። ከዚያ ትጠብቃለህ። ከዚያ «መጣ» ይባላል። ስትሄድ «አለቀ» ይሉሃል። በመምጣቱና በማለቁ መካከል ያለውን ጎማ በዓይኑ ያየ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ዓመታዊው የመኪና ምርመራ ደግሞ ደርሷል። በዚያ ጎማ ብሄድ ቦሎ አይሰጡኝም። ቦሎ ከሌለ ታክሲ የለም፤ ታክሲ ከሌለ ምሳ የለም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ትርጓሜ የለውም።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው አየር ጤና ፌርማታው አጠገብ ግድግዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ያየሁት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። የልጄ እኩያ የሆነች አስተማሪ «ጋሼ፣ ጮክ ብለው ያንብቡ!» እያለች ስላስተማረችኝ ዛሬም በልቤ ማንበብ አይሆንልኝም። ያን ቀንም ጮክ ብዬ አነበብኩ። ለመጪው የመንግሥት በዓል የመኪና እሽቅድምድም ይደረጋል። መነሻው አየር ጤና፤ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ደርሶ መመለስ። ለአንደኛ የሚሰጠው ሽልማት፣ ለአሸናፊው መኪና ልክ የሆነ አራት አዲስ ጎማ። ይህቺን የመጨረሻዋን ደገምኳት። ከዚያ እንደገና ደገምኳት። ከኋላዬ የቆመ ሰውዬ፣ «ወንድም፣ ጎማው ገብቶናል፤ ቀኑን አንብብልን» አለኝ።

ብቻዬን ሄጄ ተመዝግቤ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ግን ታላቅ ወንድም አለኝ።

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ አየር ጤና ትንሽ ጋራዥ ነበረው። ጋራዥ ይባል እንጂ ከሚጠገንበት ጊዜ የሚሰበሰብበት ጊዜ ይበዛ ነበር። ታደሰ ስብሰባ ይወዳል። ሁለት ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው ሲያወሩ ካየ መሐላቸው ገብቶ «አጀንዳው ምንድነው?» የሚል ሰው ነው። የጎማውን ነገር ስነግረው ዓይኑ በራ። «ይሄማ ባንተ አቅም የሚሆን አይደለም» አለኝ። «ይሄ መደራጀት ይፈልጋል።»

ቤቱ ጠራን። እኔ፣ እህታችን አስካለና ባሏ ግርማ።

«ጓዶች» ብሎ ጀመረ።

«የምን ጓድ? እህትህ ነኝ» አለች አስካለ።

«ስብሰባ ላይ ጓድ ነን። ስብሰባው ሲያልቅ እህት ወንድም እንሆናለን።»

«እንግዲያው ጓድ ታደሰ፣ ያዋስኩህን መሰላል መልስልኝ።»

መሰላሉ በአጀንዳ ስላልተያዘ ታለፈ። ከዚያ ሥራ ተከፋፈለ። ታደሰ ሊቀመንበርና የቴክኒክ ኃላፊ ሆነ። አስካለ የስንቅ ኃላፊ ሆነች። ግርማ ሹፌር ሆነ። እኔ አባል ሆንኩ።

«ጋሼ፣ መኪናዋ እኮ የኔ ናት» አልኩ።

«አስተያየትህ ተመዝግቧል» አለኝ። የሚመዘግብ ሰው ግን በቤቱ አልነበረም።

«ለምን እኔ አልነዳትም?»

«አንተ ባለንብረት ነህ። ባለንብረት ይሳሳል። ጉድጓድ ባየህ ቁጥር ሆድህ ይባባል። ግርማ ግን የሰው መኪና ነው የሚነዳው፤ አይሳሳም።»

ግርማን ልንገራችሁ። የትልቅ አውቶቡስ ሹፌር ነው። በኮልፌ መንገድ እሱን የማይመርቅ ተሳፋሪ አልነበረም። ለአሮጊት ይቆማል። ለነፍሰ ጡር ይቆማል። ለአህያ ይቆማል፤ አህያዋ ካመነታች ሞተር አጥፍቶ ውሳኔዋን ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ሰው ለሽምግልና ይመረጣል እንጂ ለእሽቅድምድም ይመረጣል? ይህንን ስናገር ታደሰ «የግል ጥላቻ ነው» አለኝና ግለ ሂስ እንዳደርግ ጠየቀኝ። በገዛ መኪናዬ ጉዳይ ራሴን ሄስኩ። ካላደረግህ ስብሰባው አያልቅም፤ ስብሰባው ካላለቀ ደግሞ እራት አይቀርብም።

የቡድኑን ስም ለማውጣት ሌላ ስብሰባ ተጠራ። አስካለ ያባታችንን ስም አነሳች። አባታችን ንጉሤ ነው የሚባለው። «የንጉሤ ልጆች ይባል፤ ስሙ ይጠራበት» አለች።

ታደሰ ብድግ ብሎ መስኮቱን ዘጋ። «አንቺ ሴት፣ አብደሻል? በዚህ ጊዜ መኪና ላይ 'ንጉሤ' ብለን ጽፈን፣ ግራና ቀኝ ሰው እያጨበጨበልን፣ ማታ የት እንድናድር ፈልገሽ ነው?»

«ያባታችን ስም እኮ ነው!»

«አባታችንማ ይረዳናል። የማይረዱን አሉ።»

ስለዚህ «ኅብረት» ተባለ። አባታችን ነፍሱን ይማረው፣ መቃብር ውስጥ ሆኖ በገዛ ልጆቹ ከዙፋኑ ወረደ።

ቀጥሎ የቴክኒክ ኃላፊው ሥራ ጀመረ። «መኪናዋ መቅለል አለባት» አለና የኋላውን ወንበር ነቀለ። ከፊት በሹፌሩ ጎን እኔ ልቀመጥበት የነበረውን ወንበር ነቀለ። መለዋወጫ ጎማውን፣ ክሪኩን፣ መከላከያውን፣ የበሩን ውስጥ ልባስ ሁሉ አወለቀ። የኋላውን ወንበር አስካለ «ዝናብ እንዳይነካው ለጊዜው ላስቀምጠው» ብላ ወሰደችው። ያ «ለጊዜው» እስከ ዛሬ አላለቀም። ሳሎኗ ውስጥ አለ፤ ዳንቴል አልብሳዋለች። ልጠይቃት ስሄድ እሱ ላይ ያስቀምጡኛል። በገዛ ወንበሬ ላይ እንግዳ ሆኜ፣ «ተጫወት እንጂ፣ ምነው ዝም አልክ?» እባላለሁ።

ወንበር የሌለው ታክሲ ደግሞ ማን ይሳፈራል? ሥራ ቆመ። በኩፖን ያገኘኋትን ቤንዚን ግርማ ለልምምድ እየተባለ አነደዳት። ልምምዱን ቀራንዮ መንገድ ላይ ሄጄ አየሁት። እንጨት የተሸከሙ እናት አሳፍሮ፣ እንጨታቸውን መኪናዬ ጣሪያ ላይ ጭኖ፣ እንዳይንገላቱ ቀስ እያለ ይመጣል። «ምን እያደረግህ ነው?» ብለው፣ «በጭነት እየተለማመድኩ ነው» አለኝ።

ቤት ውስጥ የሚበላ ነገር እያነሰ፣ የቡድኑ ወሬ ብቻ እየበዛ ሄደ። ሚስቴ «ጎማውን ሳታመጣ እንዳትገባ» አላለችኝም። ከዚያ የባሰ ነገር አደረገች፤ ዝም አለች።

የውድድሩ ቀን ጠዋት የስንቅ ኃላፊዋ መጣች። አንድ ድፎ ዳቦ፣ በፌስታል ቆሎ፣ በፔርሙዝ ሻይ። መኪናዋ ስለምትፈላ አንድ ትልቅ ጀሪካን ውሃ። የእጅ ፍሬኗ ስለማይዝ ታደሰ ለታኮ የሚሆን ድንጋይ ጨመረበት፤ ድንጋዩ ራሱ ወፍጮ ያህላል።

«ይሄ ሁሉ ምንድነው? መንገዱ እዚህ እኮ ነው!» አልኩ።

«ብትበላሽባችሁስ? በረሃብ ልትሞቱ ነው?» አለች አስካለ።

እንግዲህ ወንበር አውጥተን ዳቦና ድንጋይ ጫንን። ክብደቷ ድሮ የነበረው ነው፤ መቀመጫ ግን የላትም። እኔ ለረዳትነት ገባሁና የለስላሳ ሳጥን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ጀሪካኑን እንደ ሕፃን ታቀፍኩት።

መነሻው ላይ ሕዝብ ሞልቷል። ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የፈራሁት አንድ ኦፔል የያዘ የሥጋ ነጋዴ ልጅ ነበር። ጎማው አዲስ ነው! ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ ጥርሱ እንኳ አልተነካም። ጎማ ያለው ሰው ጎማ ለማሸነፍ ሲመጣ ማየት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ መላጣ ጎማ የነዳ ብቻ ያውቀዋል።

በስተመጨረሻ አንዲት የእንቁላል አስኳል የመሰለች ቮልስ እያዘገመች መጣች። ውስጧ አባባ ወልደ ሰንበት ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው። አባባ ቀራንዮ የሚኖሩ የግርማ የክርስትና አባት ናቸው። ያሳደጉትም፣ መንዳት ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። ግርማ ሲያያቸው ከመኪናዬ ዘሎ ወርዶ ጉልበታቸውን ሳመ። ስለ ልጆቹ ተጠያየቁ፣ ስለ ጤና ተጠያየቁ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ።

መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መኪኖች በሰልፍ እንዲቆሙ፣ ማን ከፊት እንደሚቆምም ዕጣ እንዲወጣ ተባለ። ከሕዝቡ መሐል አንዱ፣ «ኧረ ነውር ነው! ሽማግሌ ከኋላ ሆነው አቧራ ይብሉ? አባባ ይቅደሙ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም አጨበጨበ። ባንዲራ የያዘውም ሰው አጨበጨበ። አባባ ከፊት ተሰለፉ። ይሄም አልበቃ ብሎ፣ «ትንሽ ይራቁልን» ተብሎ፣ ቮልሷ ከዓይን እስክትሰወር ሌሎቻችን ቆመን ጠበቅን። እሽቅድምድም ነው እንግዲህ! ለእኛ ደግሞ የመጨረሻው ዕጣ ወጣልን።

ባንዲራው ወረደ። ታደሰና አስካለ ከኋላ ገፉን፤ ሞተሯ ተነሳች።

እውነት እውነት ነው፤ ግርማ መንዳት ያውቃል። ጉድጓዱን እንደ ገዛ ግቢው ያውቀዋል። አንዱን አለፈ፤ ሲያልፍ በእጁ «ይቅርታ» ይላል። ሁለተኛውን አለፈ፤ «ይቅርታ»። እኔ ሳጥኔ ላይ እየዘለልኩ፣ ጀሪካኑ አገጬን እየመታኝ፣ «በርታ ወንድሜ! በርታ!» እላለሁ። ያንን ኦፔል ቀራንዮ መድኃኔዓለም ልንደርስ ስንል ኩርባው ላይ አለፍነው። ዞረን መመለስ ስንጀምር ከፊታችን ማንም አይታይም። ጎማው ታየኝ። አራቱም። ሽታው ሁሉ ሸተተኝ።

ከዚያ አቧራው ገለጥ ሲል አንዲት የእንቁላል አስኳል ታየች።

አባባ መሐል መንገዱን ይዘው፣ የሠርግ መኪና እንደሚነዳ ሰው ይሄዳሉ። ግርማ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«እለፋቸው!» አልኩት።

«ማንን?»

«እሳቸውን ነዋ! በግራ ውጣ!»

«አባባን?» ፊቱን ብታዩት «እናትህን በጥፊ በላት» ያልኩት ነው የሚመስለው። «በክርስትና ያነሱኝን ሰው አቧራ ላለብሳቸው? እኔ?»

«ግርማ፣ ጎማው!»

«ጎማ ያልቃል፤ ስም ግን ይቀራል።»

«የኔ አልቋል እኮ! ለሱ ነው የመጣነው!»

ጀሪካኑን ጥዬ በግርማ ላይ ተንጠራራሁና ክላክሱን ተጫንኩት። ረዘም አድርጌ። ግርማ እጄን ከእሳት እንደሚያወጣ ሰው መንጭቆ አነሳው። አባባ በመስታወታቸው አዩን። ፈገግ አሉ። ፍሬቻ አሳይተው ዳር ያዙ።

«ተመስገን!» አልኩ። «አስተዋይ ሽማግሌ ናቸው፤ አሳለፉን።»

ግርማም ፍሬቻ አሳየ። እሱም ዳር ያዘ። ሞተር አጠፋ። ያለ ግፊያ የማትነሳዋን መኪና ሞተር አጠፋ! ወርዶ ሄደ። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር እኔ ያንን ወፍጮ ተሸክሜ ከጎማው ሥር ለመወተፍ ዘለልኩ። ቀና ስል ጉልበታቸውን እየሳመ ነው።

«እንዴት ዋልክ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንዴት ዋሉ?»

«ይመስገን። ልጆቹስ?»

«ደህና ናቸው።»

«ትንሿን ሳሉ ተዋት?»

«ትቷታል፣ ተመስገን። የእርስዎ ወገብስ?»

ይሄንን ሁሉ ጠዋት ተጠያይቀዋል! ከጠዋት ወዲህ የትንሿ ሳል ምን አዲስ ነገር ያመጣል? ይህን እያልኩ ሳለ ያ ኦፔል ቪው ብሎ አለፈን። አቧራው ሳይወርድ ሌላው ተከተለ። ሌላው ተከተለ። አባባ በባርኔጣቸው አቧራውን እየመከቱ፣ «ለመሆኑ እነዚህ ልጆች ወዴት ነው እንዲህ የሚበሩት?» አሉ።

«ግርማ!» ብዬ ጮኽኩ።

«በል ልጄ፣ አንተ ትቸኩላለህ፤ ቅደም» አሉት።

«ኧረ አይሆንም፤ እርስዎ ይቅደሙ።»

«በሞቴ ቅደም!»

«እኔ ልሙት አላደርገውም!»

«በሞቴ አልኩህ!»

«እኔ አፈር ልሁን!»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። «እንግዲያው አንዳችሁ ሙቱና የተረፈው ይቅደም!» አልኳቸው።

ግርማ ወደ መሬት አየ። አባባ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ቮልሷ ውስጥ ገብተው ሄዱ። እኛም መኪናዋን ለሁለት ገፍተን አስነስተን፣ ከኋላቸው፣ በአክብሮት፣ በሠርግ ፍጥነት ተከተልን።

ስንደርስ ባንዲራውን ጠቅልለውታል። የሥጋ ነጋዴው ልጅ ከተሸለማቸው ጎማዎች አንዱን በሕዝቡ መሐል እያንከባለለ ይጫወታል። አባባ ከመጨረሻ ሁለተኛ፤ እኛ መጨረሻ። ከኮሚቴው አንዱ ግን ነገሩን ሰምቶ ኖሮ ሳጥን ላይ ወጣና ታላቅን ስለማክበር ተናገረ። ለግርማ ከፍ ያለ ጭብጨባ ተደረገለት። አስካለ በባሏ ኮርታ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ጭብጨባ ጎማ ሆኖ ቸርኬ ላይ አይገጠምም።

የግምገማ ስብሰባ ተጠራ። የውድድሩ ነገር በአንድ ቃል ታለፈ። ቀሪው ጊዜ ሁሉ ያለቀው እኔ ላይ ነው።

«ሽማግሌ ላይ ክላክስ ነፋ!» አለ ታደሰ።

«ሙቱ አላቸው!» አለች አስካለ።

«ጎማውን ማን አሳጣኝ?» አልኩ።

«ከአጀንዳ አትውጣ» አለኝ ሊቀመንበሩ። ይቅርታ እንድጠይቅ ተወሰነ። ከዚያም ቡድኑ ዓላማውን ስለፈጸመ እንዲፈርስ ተወሰነ። የትኛውን ዓላማ እንደሆነ ብጠይቅ አስተያየቴ ተመዘገበልኝ።

በምርመራው ቀን መርማሪው ጎማዬን በመዳፉ ዳሰስ አደረገና፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ጎማ ነው ወይስ የሕፃን ጉንጭ?» አለኝ። ወደ ውስጥ ጎንበስ ብሎ፣ «ወንበሩስ?» አለ። «እህቴ ሳሎን ነው» አልኩት። ቦሎ አልሰጠኝም። እኔ ብሆንም አልሰጥም። መኪናዬን ጎትተን ታደሰ ግቢ አገባናት፤ በድንጋይ ላይ ቆመች። የታደሰ ዶሮዎች ወዲያው ገቡባት። እነሱ ወንበር አይፈልጉም። ሚስቴም ያን ጊዜ ዝምታዋን ተወችና ሦስት ቃል ተናገረች፤ «አሁን ምን እንብላ?»

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው ለእርቅ የወሰዱኝ። ያጠፋሁት እኔ፣ የተራብኩት እኔ፣ ይቅርታ ጠያቂው እኔ። ታክሲ ስለሌለን አባባ ቤት ድረስ በእግር ሄድን። ስንደርስ ካፊያ ጀምሯል። አባባ በሩን ከፍተው፣ «ግቡ፣ ግቡ ልጆቼ» ብለው ወደ ውስጥ ተመለሱ።

«ጋሼ ታደሰ፣ ቅደም» አለ ግርማ።

«ኧረ አንተ ቅደም፤ ቤቱ ያንተ ነው።»

«ታላቅ እያለ?»

«አስካለ፣ ግቢ እንግዲህ።»

«እኔ ወንዶቹን ቀድሜ? በሞቴ ግቡ!»

ጥያቸው ገባሁ። በመካከላቸው ሰንጥቄ፣ አንዱን በክርን ገፍቼ ገባሁ። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያን ዕለት ሙቱ ብዬዎታለሁ።»

«ተወው፤ የተቆጣ ሰው የማይለው የለም» አሉኝ። «ግን ምን ነበር እንደዚያ ያንገበገበህ?»

«ጎማው ነዋ!»

«የምን ጎማ?»

ነገርኳቸው። የመላጣውን፣ የቦሎውን፣ የሽልማቱን፣ የሚስቴን። አፋቸውን ይዘው ሰሙኝ።

«እርስዎ ታዲያ ለምን ነበር የተወዳደሩት?» አልኳቸው።

«እኔማ ግርማ ይሮጣል ቢሉኝ፣ ልጄ ብቻውን ከሚሆን ላጅበው ብዬ ነዋ! ሽልማት እንዳለው ማን ነገረኝ? ልጠይቀው ነው የቆምኩት፤ ደስ እንዲለው ብዬ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንዳችሁ እንኳ 'አባባ፣ እርስዎ ቤትዎ ይቀመጡ' ብትሉኝ ምን ነበረበት?»

ይህን ደፍሮ ማን ይንገራቸው! ደጅ ላይ አሁንም «በሞቴ»፣ «አይሆንም» ይባባላሉ፤ ካፊያው ዝናብ ሆኗል። አባባ ወደ በሩ አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ፣ ቀድሜ ገብቼ ደረቅ ቦታ ወደ ተቀመጥኩት። ሳቃቸው መጣ።

«ልጄ፣ መሪውን ላንተ ነበር መስጠት» አሉ።

ልታረቅ የሄድኩ ሰው ከሄድኩበት የበለጠ ተቆጥቼ ብድግ አልኩ። በሩ ላይ ስደርስ ታደሰ፣ «ወዴት ነው? ሽምግልናው አልተጀመረም እኮ!» አለኝ።

«አልቋል» አልኩት።

በዝናቡ ከቀራንዮ አየር ጤና በእግሬ ተመለስኩ። ከኛ ቡድን ያንን መንገድ አንደኛ ሆኖ የጨረሰ ቢኖር እኔ ነኝ።